በሩ ወደ መንገድ የሚከፈት ድንኳን

ባለፈው ወር የእድራችን ዕቃ ቤት ሊጸዳ ነው፣ አሮጌዎቹ የሸራ ድንኳኖችም ሊጣሉ ነው ተባለና የቀድሞው ዕቃ ያዥ በመሆኔ እኔን ጠሩኝ። አቃቂ በሰቃ፣ ወንዙ አጠገብ ካለችው ቆርቆሮ ቤት ገብቼ ትንሿን ድንኳን ከገመዷ ስፈታት የጭስ፣ የእርጥበትና የአሮጌ ሸራ ሽታዋ አፍንጫዬን ሞላው፤ በቆምኩበት ቀረሁ። አዲሱ የእድሩ ሊቀ መንበር ልጅ እግር ነው። «ጋሽ በቀለ፣ አመመዎት እንዴ?» አለኝ። አላመመኝም። እድሩ አሁን የብረት ቋሚና ነጭ ፕላስቲክ ያለው ድንኳን ገዝቷል፤ አራት ጎረምሳ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ያቆመዋል፤ ካስማ የለ፣ መዶሻ የለ፣ ገመድ የሚወጥር ሰው የለ። እኔ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ የዚህን ሰፈር ሐዘን በእጄ ስተክልና ስነቅል የኖርኩት ሰውዬ፣ ዛሬ ድንኳን ተጣጥፎ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ አያለሁ። ትንሿን ስጡኝ አልኳቸው። ምን ሊያደርግልህ ሲሉኝ ለሽርሽር አልኩ። ሳቁ። ባይስቁ ይሻላቸው ነበር፤ ምክንያቱም የምሬን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ዘነበች ጉልበቷን በኦፕራሲዮን ልትቀደድ ቀን ተቆርጦላታል። ሐኪሙ ከዚያ በኋላ ዳገት መውጣትና መሬት ላይ መቀመጥ ይቀራል ብሏታል። ይህን በሰማች በሁለተኛው ቀን፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠን የቃሊቲ የጭነት መኪኖች ሰልፍ አቧራውን ሲያግተለትልብን፣ «በቄ፣ ያን ጊዜ ድንኳን የተከልንበትን ጫካ አንድ ጊዜ ውሰደኝ» አለችኝ። «እዚያው ቦታ። ሌላ ቦታ አልፈልግም። ቦታውን አንተ ታውቀዋለህ።» እኔም እንዴት አላውቀውም፣ ዓይኔን ጨፍኜ እሄዳለሁ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለደረሰብኝ ብስጭት ሁሉ ምክንያቱ ይህች አንዲት ጉራ ናት።

ልጃችን ቤዛ ይህን ሰማችና ደስ አላት። ከተማ ቢሮ ነው የምትሠራው፤ መኪናዋን ራሷ ትነዳለች፤ የጋብቻችን በዓልም ደርሷልና ስጦታዬ ይሁን፣ ሁለት ቀን ጫካ ውስጥ እናሳልፍ አለች። ልቤ ሞላ። ከዚያ ስልኳን አወጣችና ቦታ መምረጥ ጀመረች። እኔ ቦታ መምረጥ የማውቀው በእግሬ ነው። ተዳፋቱን አያለሁ፣ ውኃ ቢመጣ በየት እንደሚያልፍ አያለሁ፣ አፈሩን በተረከዜ መትቼ ካስማ ይይዝ እንደሆነ አያለሁ። ልጄ የምትመርጠው በአውራ ጣቷ ነው። «አባዬ ይኼን እየው፣ አራት ነጥብ ስምንት አለው» ትለኛለች። ምኑ ነው አራት ነጥብ ስምንት ስላት፣ የሄደ ሰው የሰጠው ነዋ ትላለች። የሄደው ሰውዬ ካስማ መትቶበታል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ወደ ሌላው አሳለፈችው። ሌላው ደግሞ የእንጨት ወለል አለው፣ ነጭ አልጋ አለው፣ ዋይፋይ አለው፤ ከዛፉ ላይ የገና መብራት ተንጠልጥሎበታል። ይህ ሆቴል ነው፣ ጣሪያው ሸራ ሆነ እንጂ አልኳት። አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ ስንጨቃጨቅ ሰነበትን።

የሚያናድደው እሷ ትክክል መሆኗ ነው። ለምን የግድ እዚያ ቦታ ትለኛለች። ሜዳው ለጥ ያለ ነው እላለሁ፤ ከዚያ የተሻለ ለጥ ያለ በፎቶ ታሳየኛለች። ውኃ አለው እላለሁ፤ እሷ የቧንቧ ውኃ ያለው፣ መጸዳጃውም ንጹሕ የሆነ ታመጣለች። ለእናቷ ጉልበት ደግሞ የመጸዳጃው ነገር ቀልድ አይደለም። ዝግባ አለው፣ ጥላው ሰፊ ነው እላለሁ። «አባዬ፣ ዝግባ የትም አለ እኮ» ትለኛለች። ያቀረብኩትን ምክንያት ሁሉ እንዲህ አንድ በአንድ ረታችው። እውነተኛውን ምክንያት ግን አልነገርኳትም። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ፀጉሩን አፍሮ ያበጠረ፣ ኮቱን ክንዱ ላይ የጣለ የአንድ ወጣት ፎቶ አለ፤ አጎቷ ይልማ ነው። ገና ሕፃን ሳለች ማን እንደሆነ ስትጠይቀን ታሞ ሞተ ብለናታል። በማግሥቱ እናርመዋለን ብለን ነበር። አላረምነውም፤ እንዲሁ ስንል ልጅቷ አርባ ዓመት ልትደፍን ነው።

የያኔው አቃቂ ጡሩምባ የሚያስተዳድረው ከተማ ነበር። የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ የሚወጣውና የሚገባው ፈረቃ ድልድዩ ላይ ይገናኛሉ፤ ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ ያለበት ወጪ ነው፣ ቅባት የተቀባው ገቢ ነው። ወዲያ ማዶ ደግሞ ባቡሩ ይጮኻል። የእድሩ ጡሩምባ ሲጨመር ሦስት ይሆናሉ፤ ሰው በእንቅልፍ ልቡ እንኳ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይለያል። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ቦምቦሊኖ ጨምረህበት ስሙኒ አይሞላም። ሳሪስ አቦ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ቤልቦተም ሱሪ የሚሰፋ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ እግሩ ጫማ ካልሸፈነ ሱሪ አይደለም ብሎ ጨርቅ ያስጨምርሃል። እኔ ቡናማ አሰፍቼ ነበር፤ ዝናብ ሲዘንብ የአቃቂን ጭቃ ሁሉ በእግሬ ጠርጌ ቤት እገባለሁ፣ እናቴም በኦሮምኛ ትረግመኛለች። እኛ የአገሩ ገበሬዎች ልጆች ነን፤ ፋብሪካው የቆመበት መሬት አያቴ ጤፍ የሚዘራበት ነበር። ዘነበች ደግሞ አባቷ ከሐዲዱ ጋር የመጣ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነው። እሷም እንደ እኔ ክር መፍተያ ክፍል ገባች፤ ታላቅ ወንድሟ ይልማ እዚያው ፋብሪካ ኤሌክትሪክ ይሠራ ነበር። የእኔም ጓደኛ ነበር። ሲስቅ ከሩቅ ይሰማል፤ አምፖል ሊቀይር መሰላል ላይ ወጥቶ እንኳ ታች ያለውን ሲያበሽቅ ይውላል።

አንድ ጠዋት ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ዘመኑን የኖረ ያውቀዋል፤ ላልኖረው እኔ በዚህች ገጽ ላስረዳው አልችልም። መሞቱ ታወቀ፤ ልቅሶ መቀመጥ ግን ክልክል ነው ተባለ። ድንኳን አይተከልም፣ ጥቁር አይለበስም፣ ስሙ ተጠርቶ አይለቀስም። እድሩ ጡሩምባ አላስነፋም። ያን ጊዜ ወጣት ብሆንም አባቴ ዕቃ ያዥ ስለነበር ድንኳን የምተክለው እኔ ነኝ፤ የዕቃ ቤቱ ቁልፍም እኔ ኪስ ውስጥ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ጭኔን ሲቆረቁረኝ ሰነበተ። ድንኳኑ እንደተጠቀለለ ቀረ። ዘነበች በሳምንቷ ሥራ ገባች፤ ያቺን ቢጫ አበባ ያለባትን ሸሚዟን ለብሳ። ማሽኗ ፊት ቆማ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል አያት ነበር። አንድም ቀን ስታለቅስ አላየኋትም።

ከሦስት ወር በኋላ የክፍላችን ወጣቶች ሽርሽር አዘጋጁ። አሁን ሳስበው ለምን እንደሄድን አይገባኝም፤ ምናልባት ቀለም ያለው ነገር ማየት አምሮን ይሆናል። ከፋብሪካው አንድ ካሚዮን ተፈቀደልን፤ አሥራ አምስት ያህል ሆነን ከኋላው አግዳሚ ወንበር ደርድረን ተሳፈርን። እድሩ ትልቁን ድንኳን ሰው ቢሞትስ ብሎ ከለከለና ትንሿን ሰጠኝ። ባትሪ ድንጋይ የሚበላ አንድ ቴፕ ነበረን፤ አንዱን ካሴት ስንገለብጠው ዋልን፤ ዳቦ በማርማላታ ተበላ። ጆሮ ጠቢ አብሮን እንደተሳፈረ ሁላችንም እናውቃለን። ማን እንደሆነም እንጠረጥራለን፣ እሱም እንደምንጠረጥር ያውቃል፤ እሱም ዳቦ በማርማላታ ይበላል። ሰበታን አልፈን፣ ጠጠሩ መንገድ ወደ ደኑ ሲገባ አንድ ብርድ ያዘን፣ የጽድ ሽታ መጣ። ዘነበች ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጣ ዛፎቹን ታያለች።

ድንኳን የምታውቅ አንተ ነህ፣ ቦታ ምረጥ አሉኝ። ሽርሽር የሚያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ወደ ውስጥ፣ ዛፍ ለዛፍ ገብቶ፣ ከመንገድ የማይታይ ምሽግ የመሰለ ቦታ ይፈልግ ነበር። እኔ መንገዱ የሚታጠፍበት፣ አንድ ትልቅ ዝግባ ያለበት፣ ከሥሩ ምንጭ የሚፈስበትን ገላጣ መረጥኩ። በሩን ወደ መንገድ አዞርኩት። አግዳሚዎቹን ከመኪናው አስወርጄ ግራና ቀኝ ደረደርኳቸው፤ መሐሉን ባዶ ተውኩት። ማንም ምንም አላለኝም፤ እኔም ምን እየሠራሁ እንደሆነ አላሰብኩትም። ከልጅነቴ ጀምሮ የተከልኩት ድንኳን ሁሉ ሰው የሚመጣበት ድንኳን ነው፤ ለቀስተኛ ከሩቅ ያየው ዘንድ መንገድ ዳር ይቆማል፣ በሩ ለመጪው ክፍት ይሆናል። እጄ የሚያውቀውን ሠራ። ጨርሼ ስመለከተው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ገመዱ እንደ ክራር ተወጥሯል። ኮራሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቴፑ እየዘፈነ፣ ሁለት ልጆች ሣሩ ላይ እየጨፈሩ ሳለ ከመንገዱ ማዶ የሴት ድምፅ ሰማን። ዘፈን መስሎን ነበር። ከታጠፈው መንገድ ብቅ ሲሉ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ተመርኩዘው ከኋላ ይመጣሉ። አንዷ ቂጣ በሰፌድ ይዛለች። የመንደሩ ሰዎች ናቸው። መንገደኛ ሰው ሞቶበት፣ ዘመድ በሌለበት አገር፣ ጫካ ውስጥ ለብቻው ድንኳን ተክሎ ተቀመጠ ብለው አዝነው ነው የመጡት። አንዱ ሮጦ ቴፑን አጠፋው። ከልጆቹ መካከል ሳቁን ለማፈን ፊቱን ያዞረም ነበር። ሽማግሌው ከፊት ሆኖ በሩ ላይ ቆመና በኦሮምኛ ማነው የሞተው ብሎ ጠየቀ። ከእኛ ውስጥ ቋንቋውን አሳምሮ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። አባቴ፣ ይቅርታ፣ ልቅሶ አይደለም፣ ተሳስታችሁ ነው ልል አፌን ከፈትኩ።

ያኔ ዘነበች ወደቀች። ከአግዳሚው ተነስታ ሁለት እርምጃ እንደሄደች መሐል ባዶ በተውኩት ቦታ ላይ በጉልበቷ ወደቀችና አለቀሰች። እንዲህ ያለ ልቅሶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም፤ የሦስት ወር ልቅሶ ነበር። ሴቶቹ ሟች የማን እንደሆነ ወዲያው ገባቸው፤ ከበቧት፣ አቀፏት፣ ከእሷ ጋር ደረታቸውን ደቁ። ሽማግሌው አሁንም እኔን ያየኛል፤ ስም ይፈልጋል፤ ስም ካልተጠራ እንዴት ይለቀሳል። ዘነበችም ቀና ብላ አየችኝ፤ እሷም ስሙን እንድናገረው ትጠብቃለች። ያ የጠረጠርነው ሰውዬ ደግሞ ከአግዳሚው ጥግ ዳቦውን እንደያዘ ቆሟል፤ ማኘኩን አቁሟል። እኔም «ሃዳ ኢሼ» አልኩ። እናቷ ናት ማለቴ ነው። የዘነበች እናት ያን ሰዓት አቃቂ፣ ቤታቸው በር ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር።

ሴቶቹ የወለደችሽ፣ ያጠባችሽ እያሉ በእናት ልቅሶ አለቀሱ። ዘነበች ሃዳ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ አቃቂ አድጎ ያን የማያውቅ የለም። ልቅሶዋ ቀስ በቀስ ቀነሰ፣ ከዚያ ቆመ። ቂጣውን ቆርሰን በላን፤ ሽማግሌው በእድሜ ያካክሳችሁ ብሎ መርቆን ሄደ። ያ የጠረጠርነው ሰውዬም ስለዚያ ቀን ለማንም ያለው ነገር እንደሌለ ኋላ አወቅሁ፤ የሚለው ምን አለ፣ እናቷ ሞታ አለቀሰች፣ በቃ። ስለዚህ አዳንኳት ብዬ ብዙ ጊዜ ራሴን አጽናንቻለሁ። ግን እውነቱን ለመናገር ያን ያልኩት እሷን ለማዳን አይደለም። ፈርቼ ነው። ለራሴ ፈርቼ ነው።

ስድስት ወር አላናገረችኝም። ከዚያ አንድ ቀን ድልድዩ ላይ፣ ፈረቃ ስንለዋወጥ ቆመችና እናቴን በቁሟ አሟረትክባት አለችኝ፤ ይህ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። እናትየዋ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ምናምን ዓመት ኖረው፣ የልጅ ልጅ አይተው ነው ያረፉት፤ ነገሩን ሲሰሙም ስቀው «ይኼ ጫካ ወስዶ የቀበረኝ አማቼ» ይሉኝ ነበር። ከዘነበች ጋር እንዴት እንደተጋባን ሌላ ታሪክ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቤዛን አርግዛ ሳለች፣ አንድ ቀን የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች፣ ወንድሜ በኦሮምኛ ምን ይባላል ብላ ጠየቀችኝ። «ኦቦሌሳ ኮ» አልኳት። ሁለት ጊዜ ደገመችውና ማጣጠፏን ቀጠለች። ከጎረቤት ጋር ለመጫወት መስሎኝ አልጠየቅኋትም። ስለዚያ ጫካ በመካከላችን ዳግመኛ ወሬ የተነሳው ያን ዕለት ነው፣ በረንዳ ላይ፣ ስለ ጉልበቷ በተነገራት በሁለተኛው ቀን።

እና ባለፈው ቅዳሜ ሄድን። ድንኳኗን መኪናው ጣሪያ ላይ አስሬ ስወጣ ቤዛ ተስፋ ቆርጣ ተወችኝ። ብቻ አንድ ነገር ላይ እሺ አስባለችኝ፤ መጀመሪያ እሷ የመረጠችውን፣ ባለ አራት ነጥብ ስምንቱን እንየው፣ ለእማዬ ካልተመቻት ያንተን እንፈልጋለን አለች። ስሙን አልጠራም፤ ባለቤቶቹ ምን በደሉኝ። ደኑ ጥሩ ደን ነው፤ ጦጣም አለ። ግን ድንኳኖቹ በሲሚንቶ ወለል ላይ ተሰድረው ቁጥር ተጽፎባቸዋል፤ ድምፅ ማጉያም ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ይጮኻል። ተቆጣጣሪው ልጅ ሸራዬን አየና በትሕትና፣ የራስ ድንኳን ማስገባት አይቻልም አባቴ አለኝ። ለምን ስለው ካስማ መምታት ክልክል ነው፣ ከሥሩ መስመር ተቀብሯል አለ። ድንኳን ሊተክል ለመጣ ሰው ካስማ መምታት ክልክል ነው ይለዋል። እኔ ዕድሜ ልኬን የተከለከለ ድንኳን ሳውቅ ነው የኖርኩት፤ ግን እንዲህ ያለ ክልከላ ሰምቼ አላውቅም። ጮህኩበት። ልጁ ምን ያድርግ፣ ደመወዝተኛ ነው። ዘነበች ከመኪናው አልወረደችም፤ «በቄ፣ እንሂድ» ብቻ አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ውርደት ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እሄዳለሁ ያልኩት ሰውዬ ዓይኔን በልጥጬ አንድም ነገር አልለይ አልኩ። ጠጠሩ መንገድ አስፋልት ሆኗል፤ መታጠፊያዎቹን አቃንተዋቸዋል። ደኑ ከመንገዱ ሸሽቶ ወደ ላይ ወጥቷል፣ በቦታው ባሕር ዛፍ ቆሟል፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ሁሉም አንድ ነው። እዚህ አቁሚ እላለሁ፤ እወርዳለሁ፤ አፈሩን በተረከዜ እመታለሁ፤ ምንጭ የለም። እመለሳለሁ። ሌላ መታጠፊያ፤ ዝግባ አለ፣ ግን ቁልቁለቱ በሌላ በኩል ነው። አራት ጊዜ አስቆምኳት፤ አንዱን መታጠፊያ ሁለት ጊዜ ነው ያየነው መሰለኝ። ቤዛ «አባዬ፣ ለእማዬ ጉልበት ስትል እንመለስ» አለች። ተናድጄ አልመለስም አልኩ፤ የተናደድኩት በእሷ አልነበረም። በአስፋልቱ፣ በባሕር ዛፉ፣ በስልኩ፣ በተቆጣጣሪው ልጅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዚያ ቀን በከፈትኩት አፌ ነበር። ይህች ሴት ከእኔ አንድ ነገር ጠየቀች፤ እሱንም ላገኝላት አልቻልኩም።

«አቁሚ፣ ቤዛዬ» አለች ዘነበች። «እዚህ ነው።»

ወረድን። እዚያ አልነበረም። መንገዱ አይታጠፍም፤ ዛፉ ዝግባ ሳይሆን ወይራ ነው፤ ከሥሩም ውኃ ፈስሶ አያውቅም፣ አፈሩ ይመሰክራል። ድንኳን ተካይ የተከለበትን መሬት ይረሳል እንጂ ያልተከለበትን የተከልኩበት ነው ብሎ አይሳሳትም። ይኼ አይደለም የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዘነበች በከዘራዋ እየተደገፈች ወይራው ሥር ደርሳ፣ ቦርሳዋን ከፍታ ነጠላዋን አወጣችና ለበሰች። ቤዛ እናቷ የተሳሳተች መስሏት «እማዬ፣ ነጠላሽ ተዘቅዝቋል» አለቻት። «አውቃለሁ» አለች ዘነበች። የእኔን ቃል ዋጥኩት። ሸራውን ከመኪናው ላይ አወረድኩ።

ሸራዋን ዘረጋሁ፣ ምሰሶዎቹን ገጣጠምኩ። ቤዛ እይታው የሚያምረው በዚያ በኩል ነው ስትለኝ በሩ ወደ መንገድ ነው የሚሆነው አልኳት፤ የፊቴን ሁኔታ አይታ አልተከራከረችኝም። ግን ሁለት ሰው አይበቃም። እኔ ገመድ ስወጥር ምሰሶው በእጇ ይዘምማል፤ እሷን ላግዝ ስሄድ ካስማው ይነቀላል። እንዲህ ስንንገላታ በመንገዱ የሚያልፍ አንድ ገበሬ ቆመ። በእኔ እድሜ ነው፤ ባርኔጣ አድርጓል፣ ጋቢ ለብሷል። ድንኳኗን አየ፣ የበሩን አቅጣጫ አየ፣ በርጩማ ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ የተቀመጠችውን ዘነበችን አየ። ዱላውን ከወይራው አስደግፎ መጣና ምሰሶውን ከቤዛ እጅ ተቀብሎ ቀጥ አድርጎ ያዘው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ወንዱ እኔ ነኝና፣ ማነው የሞተው ብሎ በኦሮምኛ ጠየቀኝ።

አፌን ከፈትኩ።

«ኦቦሌሳ ኮ» አለች ዘነበች ከኋላዬ። አነጋገሯ የባዕድ ነው፣ ግን አንድም ፊደል አልሳተችም። ከዚያ ባማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ «ወንድሜ ነው። ይልማ ነው ስሙ» አለች።

ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ። መቼ ብሎ አልጠየቀም። በቋንቋው ነፍስ ይማር አለና ይልማ ብሎ ስሙን ጠራው፤ ዘነበችም ይልማዬ ብላ ጮኸች፣ በስሙ አለቀሰች። ቤዛ ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ የግድግዳውን ፎቶ እየፈለገ እንደሆነ አወቅሁ። «ታሞ ነው ያላችሁኝ» አለች። ዋሽተናል፣ ሁሉንም እነግርሻለሁ፣ አሁን ግን እናትሽ ጋ ሂጂ አልኳት። ሄዳ መሬት ላይ ተቀምጣ እናቷን አቀፈቻት። እኔ መዶሻውን ይዤ ቆሜ ነበር፤ አንዲት ካስማ ብቻ ቀርታኛለች። ልቅሶዋ በረድ ሲል ዘነበች ዙሪያዋን አየች፤ ወይራውን፣ ቀጥ ያለውን መንገድ፣ ውኃ የሌለበትን ቁልቁለት አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«በቄ» አለች። «ቦታው ይኼ ነው አይደል?»

«ይኼ ነው» አልኩና የመጨረሻዋን ካስማ መታኋት።